ጎልፍ ወይስ ጂቲአይ? ልጃችሁ ያገለገለ ፈጣን መኪና ሊገዛ ሲነሣ

ልጅ ከጻባ ሲለቀቅ ቤት ውስጥ ቶሎ ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ መኪና ነው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ሁለት ፎቶግራፍ ያሳያችኋል። ለእናንተ ሁለቱም አንድ መኪና ይመስላሉ፤ ቀለሙም፣ ቁመናውም፣ የተሠራበት ዘመንም አንድ ነው። እሱ ግን «ይኼኛው ተራው ነው፣ ያኛው ኃይለኛው ነው። ትንሽ ብጨምር ኃይለኛውን አገኛለሁ» ይላችኋል። ከዚያ ወይ «አይሆንም!» ትሉና ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ወይ ደግሞ «እኛ ስለ መኪና ምን እናውቃለን» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ሁለቱም አይበጅም። መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ የእናንተ ገንዘብ፣ የእናንተ ስም ወይም የእናንተ ዋስትና ነውና።

ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ መኪና ወስደን እንመልከት። በየመንገዱ የምናየው የቮልስዋገን ጎልፍ ሰባተኛው ትውልድ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የወጣ፣ በ2019 ስምንተኛው የተካው ነው። ዛሬ በያድ ሽኒያ ገበያ ከሚሸጡት አንዱ ነው።

ሁለቱ በምን ይለያያሉ?

ተራው ጎልፍ በብዛት የሚገኘው ባለ 1.4 ሊትር ቱርቦ ሞተር ሆኖ፣ 122 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነው፤ በኋላ የተሠራው 125 ነው። ከቆመበት ተነሥቶ 100 ኪሎሜትር በሰዓት ለመድረስ ከ9 ሰኮንድ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይወስድበታል። ጂቲአይ የሚባለው ኃይለኛው ደግሞ ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ነው። ሲወጣ 220 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ «ፐርፎርማንስ» የተባለው ዓይነት 230 ነው። በ2017 መኪናው ሲታደስ ቁጥሩ ወደ 230 እና 245 ከፍ ብሏል። እሱ 100 ለመድረስ የሚበቃው 6 ሰኮንድ ተኩል ያህል ነው።

እዚህ ላይ ለልጁ ፍትሕ መስጠት ይገባል። ጂቲአይ ሞተሩ ብቻ አይደለም የተጨመረለት። የፊት ፍሬኑ ዲስክ ትልቅ ነው፤ ጎማው ሰፊ ነው፤ አሞርዛተሩ ጠንከር፣ መኪናውም ዝቅ ያለ ነው። ካምቢዮውም ሌላ ነው። የተራው 1.4 አውቶማቲክ ባለ ሰባት ማርሽ ሆኖ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፤ የጂቲአይ ግን በብዛት ባለ ስድስት ማርሽ ሆኖ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ የተነከረ ነው። ፋብሪካው ጉልበት ሲጨምር ጉልበቱን የሚይዘውንም አብሮ ጨምሯል። ስለዚህ «ይኼ መኪና በራሱ አደገኛ ነው» ብትሉት ልጁ አይቀበላችሁም፤ እውነቱም ከእሱ ጋር ነው።

ግን ሌላም ነገር ንገሩት። የመጀመሪያው ጎልፍ ጂቲአይ በ1976 ሲወጣ የነበረው ጉልበት 110 ብቻ ነው። መኪናው በክብደት በጣም ቀላል ስለነበር ያ ጉልበት ሩቅ ያደርሰው ነበር፤ ቢሆንም ዛሬ «ተራ» ብለን የምንንቀው መኪና ሞተር ያንን ዝነኛ መኪና በጉልበት ይበልጠዋል። ተራው ደካማ ማለት አይደለም። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደውን ዳገት አራት ሰው ጭኖ ሳይቸገር ይወጣዋል።

ዋጋው ይወርዳል፣ ወጪው አይወርድም

የዛሬው ዋና ነገራችን ይህ ነው። ሁለቱ መኪኖች አዲስ ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ልጁም የሚያየው ይህንኑ የጠበበ ልዩነት ነው። ያልታየው ነገር፣ ኃይለኛው መኪና ቢያረጅም ወጪው አብሮ እንደማያረጅ ነው። ሰፊው ጎማ ዛሬም የሰፊ ጎማ ዋጋ ነው፤ ትልቁ ዲስክና የፍሬን ሸራውም እንዲሁ። የጂቲአይ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ዘይት በየ60,000 ኪሎሜትሩ መለወጥ አለበት፤ የቀድሞው ባለቤት ካልለወጠው ለእናንተ ልጅ ይቆየዋል።

ቢቱዋሁ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በሕግ የግድ የሆነው ቢቱዋህ ሆቫ የሚተመነው በአሽከርካሪው ዕድሜ፣ መንጃ ፈቃድ ባገኘበት ዘመንና በቀድሞ አደጋዎች ነው፤ የሞተሩም መጠን ይታያል። 1.4 እና 2.0 አንድ አይደሉም። ማኪፍ ሲጨመር ደግሞ ከ24 ዓመት በታች የሆነ «ነሃግ ጻኢር» ስለሚባል ዋጋው ይንራል። ለፈጣን መኪናና ለወጣት አሽከርካሪ «አንቀበልም» የሚል ኩባንያም ሊገጥማችሁ ይችላል። የዓመቱ የመኪና ፈቃድ ክፍያም እንደ መኪናው የዋጋ ክፍልና እንደ ዕድሜው ነው የሚወሰነው።

ስለዚህ ልጁን እንዲህ በሉት፦ «ከመግዛትህ በፊት የሁለቱንም ታርጋ ቁጥር ይዘህ ለቢቱዋህ ደውል። እውነተኛ ዕድሜህን ንገራቸው። የሚሉህን ዋጋ ጽፈህ አምጣልኝ።» አንድ ወረቀት ለሁለት ይከፈል፤ በአንድ በኩል ተራው፣ በሌላው በኩል ጂቲአይ። ሆቫ፣ ማኪፍ፣ የዓመት ፈቃድ፣ አራት ጎማ፣ ፍሬን፣ የዘይት ለውጥ፣ በየወሩ ቤንዚን፤ ሁሉም ይጻፍ። ወረቀቱን ልጁ ራሱ ይሙላው። እናንተ «ውድ ነው» ከምትሉት ይልቅ በገዛ እጁ የጻፈው ቁጥር ይናገረዋል።

አንድ ደንብ ልጨምርላችሁ፦ ካለው ገንዘብ ሁሉ መኪና አይገዛ። እንበል 60,000 ሸቀል አለው፤ ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛው፣ ማለት 12,000 ሸቀል፣ ለመጀመሪያው ዓመት ቢቱዋህና ጥገና ይቀመጥ። የሚገዛው በ48,000 ነው። በዚህ ዋጋ ጥሩ ጂቲአይ ካልተገኘ፣ የተጎሳቆለ ጂቲአይ ከመግዛት ጥሩ ተራ ጎልፍ መግዛት ይሻላል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ጠይቁ። ከጻባ የሚለቀቅ ወጣት የሚያገኘው ሁለት ዓይነት ነው። ማዓናክ የሚባለውን ለፈለገው ነገር ያውለዋል። ፒካዶን የሚባለው ግን በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለሠርግ፣ ቤት ለመግዛት፣ ንግድ ለመጀመርና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተመደበ ነው፤ መኪና መግዣ አይደለም። ማዓናኩ በሙሉ በኃይለኛ ሞተር ላይ ካለቀ፣ ፈተና ለመዘጋጀት ሥራ ባቆመ ጊዜ ለቤንዚንና ለቢቱዋህ እጁን የሚዘረጋው ወደ እናንተ ነው።

ግላሱን ገልጣችሁ እዩ

አገር ቤት ሳላችሁ በቅሎ ስትገዙ በመልኳ አልገዛችሁም። አፏን ከፍታችሁ ጥርሷን አያችሁ፤ ግላሱን ገልጣችሁ ገጣባ እንዳለባት መረመራችሁ፤ ሰኮናዋን አነሣችሁ፤ ማን ሲጭናት እንደኖረ ጠየቃችሁ። ሰጋር በቅሎ ስትሆን ደግሞ ይበልጥ ትጠይቃላችሁ፤ ሰጋር ናት ተብላ ብዙ ተጋልባለችና። ያ ዕውቀት ዛሬም ይሠራል።

መጀመሪያ ዘሩን አረጋግጡ። ተራ ጎልፍ ላይ የጂቲአይ ምልክት መለጠፍ ቀላል ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው ነው። በመኪናው ፈቃድ ወረቀት ላይ የሞተሩ መጠን ተጽፏል፤ ተራው 1.4 ከሆነ 1,395፣ ጂቲአይ ከሆነ 1,984 ነው።

ቀጥሎ ጥርሱን እዩ፤ የጥገናውን መዝገብ ማለት ነው። ዘይት መቼ ተለወጠ? በስንት ኪሎሜትር? የትኛው ሙሳኽ? ጎማዎቹ አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ ከየገበያው የተለቃቀሙ? ጂቲአይ ገዝቶ ርካሽ ጎማ ያሰረ ሰው ዘይቱንም በጊዜው ላይለውጥ ይችላል። ሞተሩ ጠዋት ሳይሞቅ እንዲነሣ አድርጉ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። በጂቲአይ ላይ የውሃ ፓምፑ አካባቢ የሚያንጠባጥብ መኖሩን መካኒኩ ይይ። በተራው ላይ ደግሞ ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ እየቀረበ ሲሄድ መንቀጥቀጥ እንዳለው ፈትኑ፤ የ1.4ቱ ቺንጊያም ይመርመር። ጂቲአይ በቺንጊያ ፈንታ ካቴና ነው ያለው።

ከሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ ሞተሩ በኮምፒውተር ተነካክቶ ጉልበቱ ተጨምሯል ወይ? ጂቲአይ ላይ እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ያለ ፈቃድ የተለወጠ መኪና በቴስት ያስቸግራል፤ አደጋ ሲደርስም ቢቱዋሁ አልከፍልም ለማለት ምክንያት ያገኛል።

ስንት ያድ እንዳለፈም ይታይ። በጥቂት ዓመት አራት አምስት ወጣት እጅ የገባ ጂቲአይ ገጣባው ከውስጥ ነው። ተራው ጎልፍ ከሊሲንግ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጥገናው በጊዜው ቢደረግለትም ዋጋው ከግል መኪና ማነስ አለበት። ይህንንም በሌቪ ይጽሐቅ የዋጋ ዝርዝር ላይ ማየት ይቻላል። በ2008 የወጣው ያገለገለ መኪና ሽያጭ ሕግ ሻጩ የሚያውቀውን ለገዢው እንዲገልጽ ያስገድደዋል፤ በጽሑፍ ተቀበሉት። ዕዳ እንዳለበት በራሻም ሃማሽኮኖት ይጠየቅ፤ ከዚያም ሻጩ በማይመርጠው የምርመራ ማኾን ይታይ። ሻጩ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፣ ቶሎ በሉ» ቢላችሁ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብላችሁ ሂዱ።

«አባዬ፣ በስምህ እናድርገው»

ቢቱዋሁ በወጣት ስም ሲወደድ ልጁ ይህን ይላችኋል። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ጓደኞቹ ነግረውት ነው። እናንተ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር እወቁ።

አንደኛ፣ ማኪፉ ላይ እንዲነዳ የተፈቀደለት የዕድሜ ክልል ይጻፋል። ለአዋቂ ብቻ ተብሎ ተገዝቶ የሚነዳው ልጁ ከሆነ፣ በአደጋ ቀን ለመኪናው ጉዳት የሚከፈል ላይኖር ይችላል። ሁለተኛ፣ የፍጥነት ካሜራ ያነሣው ዶሕ የሚመጣው መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ነው፤ ቀን አለው፤ «የነዳሁት እኔ አይደለሁም» ብሎ ማስረዳትም የባለስሙ ጣጣ ነው። ሦስተኛ፣ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የገቢ ድጎማ ወይም የጡረታ ማሟያ የምታገኙ ከሆነ፣ በስማችሁ መኪና መኖሩ መብታችሁን ሊነካ ይችላል። መጀመሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ሳትሰሙ አትፈርሙ።

ለብድር ዋስ ሁኑ ቢባልም እንዲሁ ነው። ዋስ ማለት ልጁ መክፈል ባቃተው ወር የሚከፍል ሰው ማለት ነው። ያንን ወር በእናንተ ገቢ ችላችሁ እንደምታልፉት ቁጠሩ።

መንገዱ ላይ

በአብዛኛው ፈጣን መንገዳችን የተፈቀደው 110 ኪሎሜትር በሰዓት ነው። ሁለቱም መኪኖች እዚያ ለመድረስ አይቸገሩም። በ110 ሲነዳ በአንድ ሰኮንድ 30 ሜትር ይሄዳል፤ ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ያ ሜትር አልፏል። ወደ 140 ከፍ ሲል ደግሞ ከረገጠ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። የጂቲአይ ትልቅ ፍሬን ያን ያህል ልዩነት አይሸፍነውም። ለአዲስ አሽከርካሪ ችግሩ፣ ጂቲአይ 140 ሲደርስ ጸጥ ማለቱ ነው። ተራው መኪና በጩኸቱ ያስጠነቅቃል።

ታዲያ የትኛው?

ልጃችሁ ከ24 ዓመት በታች ከሆነ፣ መንጃ ፈቃዱ ሁለት ዓመት ካልሞላው፣ ወይም ገንዘቡ መኪናውን ገዝቶ የሚያልቅ ከሆነ፣ ተራው ይበቃዋል። ቋሚ ደመወዝ ካለው፣ ቢቱዋሁን በራሱ ስም ከቻለ፣ አንድ አምስተኛውን ካስቀመጠ፣ የተገኘውም ጂቲአይ መዝገቡ የተሟላና ያልተነካካ ከሆነ፣ ግዛ በሉት፤ ደስታውንም አትቀንሱበት። በመካከል ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ያው ጎልፍ ባለ 1.4 ሊትር ሆኖ 140፣ በኋላም 150 የፈረስ ጉልበት ያለው። ከተራው ፈጠን ይላል፤ ሞተሩ ግን ትንሹ ስለሆነ ሆቫው እንደ ጂቲአይ አይከብድም። ብዙ ወጣቶች ይህን ሳያዩ ያልፉታል።

ልጁ መኪናውን ሊያይ ሲሄድ አብራችሁ ሂዱ። ስለ ቱርቦው እሱ ይጠይቅ፤ እናንተ ግላሱን ግለጡ። ሁለት ዓምድ የተጻፈበት ወረቀትም በኪሳችሁ ይኑር።