እየበሉ መክሳት

አርባ ምንጭ አቅራቢያ በሚገኝ የከብት ገበያ ጥግ ላይ አንድ ቀይ በሬ ቆሟል። አፉ ሥራ አልፈታም፤ ያመነዥካል። ጎድኑ ግን ከሩቅ ይቆጠራል፤ ጸጉሩ ቆሟል፤ ዓይኑ ያለቅሳል። አብረውኝ የነበሩት ጡረተኛ የእንስሳት ጤና ረዳት ባለቤቱን እንኳ ሳይጠይቁ «ገንዲ ነው» አሉ፤ በደም ውስጥ በሚገኝ ተውሳክ የሚመጣ የከብት በሽታ ነው።

«ታዲያ ይበላ የለም እንዴ ጋሼ?»

«ይበላል! መብላቱን ማን ከለከለው? ልጄ፣ የዚህ በሬ ችግር አፉ አይደለም። ተውሳኩ ጨረሰው እንዳትል፣ ደሙን በማይክሮስኮፕ ብታየው ፈልገህ ፈልገህ ነው የምታገኘው። አንዳንዱ ላይ ጭራሽ አይታይም። በዚህች ቅንጣት ይህን የሚያህል በሬ አያልቅም። ራሱን በራሱ ነው የሚያቀልጠው።»

ይህ የመጨረሻው ንግግራቸው አልለቅ አለኝ። እኛ የከሳውን «ብላ እንጂ»፣ የወፈረውን «አፍህን ያዝ» እያልን የምንኖር ሰዎች ነን። ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ የወጣም ከሁለቱ አንዱን ሳይሰማ አይወርድም።

ረዳቱ ያሉትን በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንቶኒ ሴራሚ የተባለ የኒው ዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም ታዝቦት ነበር። ኬንያ ውስጥ በገንዲ የተያዙ ከብቶች የተሸከሙት ተውሳክ ጥቂት፣ ክሳታቸው ግን ወሰን የለሽ መሆኑ ግራ አጋባው። ያኔ ናይሮቢ ላይ ገንዲንና መሰል በሽታዎችን እንዲያጠና የተቋቋመ ላቦራቶሪ ነበር። ይኸው ላቦራቶሪ በ1994 አዲስ አበባ ከነበረው የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ጋር ተዋሕዶ የዛሬው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ሆኗል፤ ጉርድ ሾላ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ግቢውን ያውቀዋል።

ሴራሚ አገሩ ተመልሶ ጥንቸሎችን በተውሳኩ አስያዘ። ጥንቸሎቹ ከሱ። ደማቸው ተቀድቶ ቀዩ ወደ ታች ሲዘቅጥ ከላይ የቀረው ፈሳሽ ግን እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ተገኘ። ስብ ነው። እንስሳው በክሳት እየሞተ ደሙ በስብ ተጥለቅልቋል። በደም ውስጥ ያለውን ስብ እየሰባበረ ወደ ሕዋስ እንዲገባ የሚያደርገው ኢንዛይም ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ኢንዛይሙን ያስቆመው ተውሳኩ ሳይሆን ተውሳኩን የሚዋጉት የእንስሳው የራሱ ነጭ የደም ሕዋሳት የለቀቁት ፕሮቲን ነበር። ስሙንም ካኬክቲን አሉት።

በ1985 ብሩስ ቦይትለርና ሴራሚ ፕሮቲኑን አጥርተው ሲመረምሩት ከዚህ ቀደም የሚታወቅ ሆኖ አገኙት። በ1975 በስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የነሎይድ ኦልድ ቡድን በአይጦች ላይ ዕጢ ሲያከስም አይቶ ቲኤንኤፍ ብሎ የሰየመው ነው። ሁለቱ ተቋማት ማንሃተን ውስጥ ዮርክ ጎዳና ላይ ፊት ለፊት ናቸው። አንዱ የካንሰር ፈውስ ይሆናል ብሎ ያሳደደውን፣ ሌላው ከመንገዱ ማዶ የክሳት መንስኤ ብሎ ያሳድደው ነበር።

የሚገርመው የተገላቢጦሹ ነው። በ1993 ሆታሚስሊጊል፣ ሻርጊልና ስፒግልማን የወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ ይህንኑ ቲኤንኤፍ በብዛት አገኙ። ሲያመክኑት ኢንሱሊን የተሻለ መሥራት ጀመረ። በ2003 ደግሞ ውፍረት ሲጨምር ማክሮፋጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ስብ ውስጥ እንደሚበራከቱ ታወቀ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተለጥጦ ተለጥጦ የሞተ አንድ የስብ ሕዋስ መሐል ላይ አለ፤ ማክሮፋጆቹ ዙሪያውን ከበው ይለቅሙታል፤ እየለቀሙም መልእክተኛ ኬሚካሎቻቸውን ይረጫሉ። ከሲታውን የሚያከሳው ምልክት በወፍራሙ ገላም ቀን ከሌት ይንሾካሾካል።

ስብም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ1994 የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ያገኘው ሌፕቲን የሚመነጨው ከስብ ነው፤ ተቀባዩም የመከላከያ ሕዋሳት መልእክተኞች ተቀባዮች ዘመድ ነው። ሰው ሲራብ ሌፕቲን ይወርዳል። በ1998 የወጣ ጥናት የተራቡ አይጦች ሌፕቲን ሲሰጣቸው የተዳከመው የመከላከል አቅማቸው እንደሚያገግም አሳይቷል። ወረርሽኝ ረሃብን ተከትሎ እንደሚመጣ ከክፉ ቀን ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ እዚህ ሳይኖር አይቀርም።

ረዳቱ ይህን ሁሉ ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁም። «መርፌውን ስትወጋው መኖ አልጨመርክለትም እኮ! ያው ሜዳ፣ ያው ሳር ነው። ግን በሽታው ሲለቀው ጀርባው ይሞላል። እኛ ስንት ዘመን ያየነውን ነው አሜሪካ ሄዶ የተጻፈው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተውም «ሰውን ግን ከበሬ አሳንሰን ነው የምንመክረው» ሲሉ ጨመሩ።

የሰውን ምክር በሚመለከተው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የክብደት ምክር ለምን በ«ብሉ» እና በ«አትብሉ» ብቻ እንደተወሰነ ኃላፊዋን ጠየቅኋቸው። ጥያቄዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ነገሩኝ። አቀረብኩ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስብሰባ ላይ ናቸው።

ሳይንሱም ቢሆን አቋራጭ አልሰጠም። ቲኤንኤፍን የሚያመክን መድኃኒት በ1996 ለስኳር ሕሙማን ተሞክሮ የኢንሱሊን ምላሻቸው አልተሻሻለም። ጂዲኤፍ 15 የተባለውን የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መልእክተኛ የሚያመክነው ፖንሴግሮማብ ግን በ2024 በወጣ ሙከራ የካንሰር ሕሙማንን ክብደት ጨምሯል። መልእክተኞቹ ሁሉ ጠላት አይደሉም፤ በ2019 በወጣ የዴንማርክ ጥናት ለ12 ሳምንት ብስክሌት የነዱ ቦርጫም ሰዎች የሆድ ስባቸው ሲቀንስ፣ ኢንተርሉኪን 6 የተባለው መልእክተኛ በመድኃኒት የታገደባቸው ግን ያንኑ ያህል ነድተው አልቀነሰላቸውም።

ምግብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ከሲታም ወፍራምም መብላቱ አይቀርም። ግን ሳያስበው የከሳን ሰው «ብላ» ከማለት በፊት ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ አለብህ ወይ ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሳንባ ነቀርሳን በጊዜ ያስይዛል። የወፈረውንም በሆዳምነት ከመወንጀል ስኳሩንና የደም ግፊቱን መለካት ይቀድማል። ለዚህ አዲስ መድኃኒት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የምክሩን ወረቀት እንደገና መጻፍ ነው፤ ይህ ደግሞ የዚያ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው።