«ውጊያ» ወይስ «ግጥሚያ»? የፍልሚያ ጨዋታ ቃላት በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ

ሁለት ተጫዋቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ እየመሩ የሚፋለሙበት ጨዋታ፣ «ስትሪት ፋይተር ሁለት» ከወጣበት ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ዙሪያ ተስፋፍቷል። በአገራችን ከተሞችም «ቴከን»ና «ሞርታል ኮምባት» በየጌም ቤቱ የታወቁ ናቸው። ጨዋታው ሲገባ ግን የአማርኛ ስም ይዞ አልገባም። በዚህ ጽሑፍ ለጨዋታው፣ ለተጫዋቹና በአካል ለሚገናኙት ሰዎች ስብስብ ተስማሚ ስያሜ ለመፈለግ እንሞክራለን።

ቃል የሚመዘነው በሚነገርበት ስፍራ ነውና፣ ለምሳሌ ሸዋ ሮቢትን እንውሰድ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ከጣርማ በርና ከደብረ ሲና ቁልቁል ከተወረደ በኋላ ትገኛለች። በአካባቢው አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛሉ። በአንድ ጌም ቤት በር ላይ «የውጊያ ውድድር» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ ምን ይሆናል? አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በግጭት ተቃጥላለች፤ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቋል። ማስታወቂያውን ለምታነብ እናት «ውጊያ» ዘይቤያዊ አነጋገር ሊሆንላት አይችልም። ልጇን ወደዚያ ቤት መላክም አለመላክም በዚህ አንድ ቃል ሊወሰን ይችላል።

«ውጊያ» የወጣው «ወጋ» ከሚለው ግስ ስለሆነ፣ ጦርና ቁስል ከትርጉሙ አይለዩም። «ድብድብ» ከ«ደበደበ» የመጣ ሲሆን ጠብንና ነውርን ያመለክታል። «ፍልሚያ» ግን ከ«ተፋለመ» የወጣና በስፖርት ዘገባ የተለመደ በመሆኑ፣ ሁለት ባላንጣዎች በሥርዓት የሚያደርጉትን ፉክክር ለመግለጽ ይስማማል። «ግጥሚያ» ደግሞ የ«ገጠመ» ዘር ነው፤ «ገጠመ» መገናኘትን፣ ልክ ሆኖ መጋጠምንም ይገልጻል። ይሁን እንጂ «ግጥሚያ» ለእግር ኳስም የሚያገለግል ስለሆነ፣ የጨዋታውን ዓይነት ለይቶ አያሳይም። በመሆኑም ሁለቱን ከፍለን ብንጠቀም ይሻላል፦ የጨዋታው ዓይነት «የፍልሚያ ጨዋታ»፣ እያንዳንዱ ውድድር «ግጥሚያ»፣ ተጫዋቹም «ተጋጣሚ» ይባል።

የሰዎቹን ስብስብ መሰየም ከዚህ ይከብዳል። «ማኅበር» ለአንዱ የጽዋን ማኅበር፣ ለሌላው ፈቃድና ማኅተም ያለውን ድርጅት ያስታውሰዋል። «ቡድን» ወገን ለይቶ መቆምን ያመለክታል። «የተጋጣሚዎች ስብስብ» ግን ለማንም በሩን አይዘጋም። ስብስብ የሚጸናው በተወሰነ ቀንና ስፍራ ሲገናኙ ነው፤ ይህን የይፋት ቆላ ሕዝብ ከገበያው ያውቀዋል። የሰንበቴ ገበያ በእሑድ መዋሉን የሚያውቅ ሰው፣ መልእክት ሳይጠብቅ ይመጣል።

በአካል መገናኘቱ ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች በሴኮንድ 60 ምስሎች የሚያሳዩ በመሆናቸው፣ በ15 ምስል ጊዜ ውስጥ የሚደርስን ምት ለመመከት ያለው ፋታ የሴኮንድ ሩብ ነው። በኢንተርኔት የሚፈጠር መዘግየት ከዚያችው ፋታ ላይ ይቀነሳል፤ አንድ መስኮት ፊት ጎን ለጎን ለተቀመጡ ግን ይህ ችግር የለም። ኋላ «ኢቮ» የተባለው ታላቅ ውድድር በ1996 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተጀመረው በአንድ ስፍራ በተሰበሰቡ 40 ያህል ተጫዋቾች ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የላሆሩ አርስላን አሽ በጃፓንም በአሜሪካም የኢቮን የቴከን ውድድር ሲያሸንፍ፣ በአገሩ ከእርሱ የማያንሱ ተጫዋቾች መኖራቸውን ገልጿል። ያበቃው በየሰፈሩ ከእነርሱ ጋር መጋጠሙ ነበር።

በጆተኒና በከረንቡላ ቤቶች የተለመዱ ሁለት አነጋገሮችም ትኩረት ይሻሉ። «አሸናፊ ይቀጥላል» የሚለው ተራን በግልጽ ስለሚወስን፣ እንዳለ ሊወሰድ ይችላል። «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለው ግን ጀማሪውን በየግጥሚያው ያስከፍለዋል፤ ጀማሪ የራቀው ስብስብ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ክፍያው ለሁሉም እኩል ሆኖ፣ «ባለሁለት ሽንፈት ውድድር» የምንለው ሥርዓት ቢለመድ ይመረጣል። በዚህ ሥርዓት አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ተሸናፊዎች ምድብ ይዛወራል፤ የሚሰናበተው ሁለተኛ ሲሸነፍ ነው። 8 ተጋጣሚዎች በተለመደው ጥሎ ማለፍ 7 ግጥሚያ ሲያደርጉ፣ በዚህ 14 ወይም 15 ያደርጋሉ። ከካራ ቆሬ ወይም ከጀውሃ ተሳፍሮ የመጣ ወጣት ቢያንስ ሁለቴ ሳይጫወት አይመለስም።

«ጌም ቤት»ንና «ጆይስቲክ»ን ግን ሕዝቡ ስለተቀበላቸው እንዳሉ እንተዋቸዋለን። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ሩር የሚለጉበት ወግ ያለው ሕዝብ፣ ፉክክርን ከጠብ የሚለይበት ቃል አላጣም። ተርጓሚዎች የተሻለ ቃል ካላቸው ቢያካፍሉን፣ በተለይም በአርጎብኛ፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ ያሉትን አቻ ቃላት ቢጠቁሙን፣ ሥራው የተሟላ ይሆናል።