ሳቸል ፔጅ፣ የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ

አሜሪካኖች እጅግ በሚወዱት በቤዝቦል ጨዋታ፣ የነገሩ ሁሉ መነሻ፣ ብዙ ጊዜም ወሳኙ፣ ከመቺው 18 ሜትር ያህል ርቆ በአፈር ጉብታ ላይ የሚቆመው ወርዋሪ ነው፤ በዚህም ጥበብ ከታደሉት ሰዎች መካከል ሳቸል ፔጅን የሚስተካከል፣ በእኔ ፍርድ፣ አይገኝም።

ፔጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት፣ በሞቢል ከተማ፣ ከድኻ ወላጆች ተወለደ። በልጅነቱ በስርቆት ተይዞ ወደ ጠባይ ማረሚያ ቢላክ፣ ለቅጣት የገባበት ቤት የውርወራን ሥርዓት የተማረበት ቤት ሆነለት። በ1926 በቻታኑጋ ከተማ በደመወዝ መጫወት ጀመረ፤ ነገር ግን ታላላቆቹ ሊጎች በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው አያስገቡም ነበርና፣ የጕልምስናውን ዘመን ሁሉ በጥቁሮች ሊግና ከከተማ ወደ ከተማ በመዞር፣ አንዳንዴም ባሕር ተሻግሮ በካሪቢያን ደሴቶች በመጫወት አሳለፈው። የዚያ ዘመን ድሉ በመዝገብ ተሟልቶ አልተጻፈም፤ ስለዚህም ከታሪኩ የሚበዛው በቃል የቀረ ነው።

ኳሱ ፈጣን ነበረ፤ ይሁን እንጂ መቺዎችን ይበልጥ ያሳፈራቸው ተንኰሉ ነው። ግራ እግሩን ከፍ አድርጎ አንሥቶ ወደ ፊት ከረገጠ በኋላ፣ ክንዱን ለቅጽበት ያቆየዋል፤ የመቺው ዓይንና እጅ ግን እግሩን ተከትለው አስቀድመው ተነሥተዋልና፣ ዱላው ነፋሱን ቀዝፎ ካለፈ በኋላ ኳሱ ይደርሳል። ይህን አወራወር ከታላላቆቹ ሊጎች የአንዱ፣ የአሜሪካን ሊግ፣ ፕሬዚዳንት ኋላ ከለከለው፤ ክልከላውም ከማናቸውም ሽልማት የበለጠ ምስጋና ይመስለኛል።

ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ወደ ታላላቆቹ ሊጎች ገብቶ የዘር አጥሩን ካፈረሰ በኋላ፣ ፔጅ በ1948፣ በ42 ዓመቱ፣ የክሊቭላንድ ቡድን አባል ሆነ። ሌላው ወርዋሪ ክንዱ ደክሞ በሚያርፍበት ዕድሜ፣ እርሱ በዚያ ዓመት ስድስት ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ቡድኑም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ በ1965፣ በ59 ዓመቱ፣ ለካንሳስ ሲቲ ቡድን ሦስት ዙር ወርውሮ አንድም ነጥብ ሳይቈጠርበት መውጣቱ ነው።

በ1971 ኩፐርስታውን ወዳለው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ሲመረጥ፣ ለጥቁሮች ሊግ ተጫዋቾች የተለየ ክፍል ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ ይህ አሳብ ብርቱ ወቀሳ ስላስነሣ ተትቶ፣ ፔጅ ከሌሎቹ ጋር እኩል መዓርግ ተሰጠው። ያረፈው በ1982 በካንሳስ ሲቲ ነው።