ጅማን የሚመለከቱ የዩኒቨርሲቲ ፕሬስ መጻሕፍትና የስያሜ አመራረጥ

የአንድን አገር ታሪክና ኑሮ በውጭ ቋንቋ የሚተነትን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን የሚያጋጥመው ችግር ሁልጊዜ የቃላት እጥረት አይደለም። ብዙ ጊዜ ቃሉ አስቀድሞ በአገሩ ሰው አንደበት ይገኛል፤ ተርጓሚው ግን መዝገበ ቃላትን ብቻ ተመልክቶ ሌላ ቃል ይተካበታል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጅማንና በዙሪያዋ ያሉትን የቡና ከተሞች የሚመለከቱ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ፕሬስ መጻሕፍትን መነሻ በማድረግ፣ የተሳሳተ ስያሜ የጸሐፊውን ሐሳብ እንዴት እንደሚያፈርስ ለማስረዳት የቀረበ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኸርበርት ልዊስ ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ጽፎ በ1965 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመው ነው። ጥናቱ ከ1830 እስከ 1932 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ሁለተኛው የፕሮፌሰር መሐመድ ሐሰን ሥራ ሲሆን፣ ከ1570 እስከ 1860 ያለውን የኦሮሞ ታሪክ በመተረክ ለጊቤ መንግሥታት፣ ማለት ለሊሙ እናርያ፣ ለጎማ፣ ለጉማ፣ ለጌራና ለጅማ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ይህም በ1990 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ።

የስያሜ ጉዳይ ከሽፋኑ ይጀምራል። የልዊስ መጽሐፍ በ1965 ሲወጣ በአርእስቱ የያዘው፣ ሌሎች ለኦሮሞ ሕዝብ ይሰጡት የነበረውንና ሕዝቡ ራሱ የማይቀበለውን ስም ነበር። በ2001 በሌላ አሳታሚ እንደገና ሲታተም ግን አርእስቱ ታርሞ «ኦሮሞ» የሚለው ትክክለኛ ስም ገባበት። ከዚህ የምንረዳው፣ አንድ ስያሜ በምሁር መጽሐፍ ላይ መታተሙ ብቻ ትክክለኛነቱን የማያረጋግጥለት መሆኑን ነው። የስሙ ባለቤት የሚጠራበት ቃል ከሁሉ ይቀድማል።

ከዚህ የረቀቀው ችግር በሹመት ስሞች ላይ ይታያል። ልዊስ ከሚያስረዳቸው ዋና ነገሮች አንዱ፣ በጅማ ሥልጣን በንጉሡ እጅ የተጠቃለለ እንደ ነበረና «ቆሮ» የሚባለውን ግዛት የሚያስተዳድረው «አባ ቆሮ» በንጉሡ ፈቃድ የሚሾምና የሚሻር መሆኑን ነው። ተርጓሚው ይህን ሹም «ባላባት» ቢለው ቃሉ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን «ባላባት» ከ«ባለ አባት» የወጣ ቃል ስለ ሆነ፣ ከአባት የወረሰውን መብት የያዘ ሰው ያመለክታል። እንግዲህ በአንድ ቃል ምክንያት ተሿሚው ወራሽ ሆኖ ይገኛል፤ የመጽሐፉም ፍሬ ነገር ይገለበጣል። «አባ ቆሮ»ን እንዳለ አስቀምጦ፣ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ «በንጉሡ የሚሾም የግዛት ሹም» ብሎ መፍታት የተሻለ ነው። እንዲሁም «ሞቲ» በአፋን ኦሮሞ ንጉሥ ማለት ስለ ሆነ፣ ባለ ዘውዱን ከባለ ርስት ጋር ማምታታት አይገባም።

«አባ» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ያሻዋል። በአማርኛ መነኩሴውና ቄሱ «አባ» ይባላሉ። በ«አባ ጅፋር» ግን ቃሉ የፈረስ ስም ያስከትላል፤ የጅፋር ጌታ ማለት ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ልማድ አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። በ«አባ ቆሮ»ና በ«አባ ኬላ» ደግሞ ሹመትን ያመለክታል። ስለዚህ የውጭ ጸሐፊዎችን ተከትሎ በየስፍራው «አባት» እያሉ መተርጐም ሦስቱን አገባቦች ይደባልቃል። «አባ ኬላ»ንም «በረኛ» ማለት ያሳንሰዋል፤ ሹሙ የመንግሥቱን መግቢያ የሚጠብቅ የወሰን ሹም ነበርና። «ኬላ» የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ የታወቀ ስለ ሆነ ምትክ አያስፈልገውም።

ከታሪክ መጻሕፍት አልፈን ስለ ቡና ወደሚጻፉት ጥናቶች ስንመጣ፣ የአገሩ ቃል ከመጽሐፍ ቃል ይልቅ የጠራ ሆኖ እናገኘዋለን። በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት ገበያ ከዛፉ የተለቀመው ቀይ ፍሬ «እሸት ቡና» ነው፤ ከነገለባው በፀሐይ የደረቀው «ጀንፈል» ነው። እንግሊዝኛውም እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ይጠራቸዋል። ተርጓሚው ሁለቱንም «የቡና ፍሬ» ብሎ ቢያልፍ ግን፣ ስለ ዋጋና ስለ ጥራት የተጻፈው አንቀጽ ትርጉም ያጣል። ሥራውም እንዲሁ ነው፤ እሸት ይፈለፈላል፣ ጀንፈል ይቀሸራል። «መፈልፈያ» ያለው ቡናውን ለማጠብ ያዘጋጃል፤ «መቀሸሪያ» ያለው የደረቀውን ገለባ ያወልቃል። ሁለቱን በ«መላጥ» ማጠቃለል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ ማድረግ ነው። ከቤት አጠገብ የሚተከለውንም ገበሬው «የጓሮ ቡና» እያለ፣ ቃል በቃል «የአትክልት ስፍራ ቡና» ማለት አላስፈላጊ ድካም ነው።

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ሦስት መመሪያዎች ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት በሙያው ላይ ያለውን ሰው መጠየቅ፤ ሁለተኛ፣ የሹመት ስም ከሆነ እንዳለ አስቀምጦ ተግባሩን መፍታት፤ ሦስተኛ፣ የተመረጠው ቃል የጸሐፊውን ሐሳብ የሚጻረር ትርጉም እንዳይጨምር መመርመር ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጅም ቢሆን «ጀንፈል»ን ወይም «አባ ቆሮ»ን የአንድ አካባቢ አነጋገር ናቸው ብሎ ከመዝገብ ውጭ ሊያስቀራቸው አይገባም። ስለ ጅማ የተጻፈ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ተመልሶ የጅማ ሰው ሲያነበው፣ የገዛ ሹሙንና የገዛ ቡናውን በስማቸው ሊያገኛቸው ይገባል፤ ይህ ካልሆነ መጽሐፉ ተተረጐመ ለማለት ያስቸግራል።