ተኝቶ ማደር ሁሉ ዕረፍት አይደለም

ምሽት 3 ሰዓት ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት የተነሣ ሰው እንቅልፉን ጠግቧል ብለን እናስባለን። ኾኖም ራሱን እየከበደውና አፉ ደርቆ የሚነሣ፣ ረፋድ ላይም ማንቀላፋት የሚጀምር ብዙ ነው። የዚህ ሰው ችግር የእንቅልፍ ሰዓት ማነስ ሳይኾን የእንቅልፍ ጥራት መጓደል ነው።

እንቅልፍ በአማካይ በየ90 ደቂቃው የሚደጋገም ዑደት አለው። ጥልቁ እንቅልፍ በአብዛኛው በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ሕልም የሚበዛበት ደግሞ ወደ ንጋት ይመጣል። በጥልቁ ጊዜ የልብ ምት ይረጋጋል፤ የደም ግፊትም ዝቅ ይላል። ዑደቱ በተደጋጋሚ ከተቋረጠ ግን አልጋ ላይ ረጅም ሰዓት መቆየት ይህን ዕረፍት አይተካም።

ከአቋራጮቹ አንዱን እንደ መልካም ምልክት የምንቆጥረው መኾኑ ያሳስባል፤ ማንኮራፋትን ማለት ነው። የሚያንኮራፋን ሰው "ከባድ እንቅልፍ ወስዶታል" ብለን እናልፈዋለን። በርግጥ ማንኮራፋት ሁሉ ሕመም አይደለም። ከፍ ያለው ድምፅ በድንገት ጸጥ ብሎ፣ ትንፋሽ ለሰከንዶች ቆሞ፣ ከዚያ ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው የሚመለስ ከኾነ ግን በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሠት የትንፋሽ መቋረጥ ሊኾን ይችላል። የጉሮሮ ጡንቻዎች ሲላሉ የአየር መተላለፊያው ይዘጋል፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም ሰውየውን ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል። ሕመሙ ሲከብድ ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋገማል። ታማሚው ጠዋት ብዙውን ጊዜ አንዱንም አያስታውስም፤ የሚያውቀው አጠገቡ የተኛው ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲኬድ የትዳር አጋር አብሮ ቢሄድ መልካም ነው።

ሕመሙ ካልታከመ ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው ስለ እንቅልፉም ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል። መሪ ይዞ የሚያንቀላፋ አሽከርካሪ ደግሞ አደጋው ለራሱ ብቻ አይደለም።

አረቄም ኾነ ቢራ ቶሎ ቢያስተኛም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይረብሻል፤ ጉሮሮንም የበለጠ ያላላል። ቡናን በተመለከተ "ጠጥቼም እተኛለሁ" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ይተኛሉ። ይሁን እንጂ አመሻሽ 12 ሰዓት ከተጠጣ ቡና ውስጥ ካለው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ምሽት 5 ሰዓት ላይም በሰውነት ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ጥልቁን እንቅልፍም ይቀንሳል።

እንቅልፍ እምቢ ማለቱ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እየኾነ ለሦስት ወራት ከቀጠለ ምርመራ ያስፈልገዋል። የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥ አይገባም፤ አንዳንዶቹ የትንፋሽ መቋረጡን ያባብሱታልና።