ከቲነር የሚመጣ ራስ ምታት

ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም የሚረጭ ሠራተኛ ከቀትር በኋላ ራሱን ሲያመው ድካም ይመስለዋል። ቀለሙን በሚያቀጥነው ቲነር ውስጥ ያሉት እንደ ቶሉይን ያሉ ኬሚካሎች ግን በትንፋሽ ወደ ደም ገብተው አንጎልን ይነካሉ። ሕመሙ በእረፍት ቀን ቀለል ብሎ ሥራ ሲጀመር ከተመለሰ ጥርጣሬው ወደ ትነቱ ነው።

ከኪስ የማይጠፋው ፓራሲታሞል ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ትነቱን አያስቀርም፤ ሰውየው እዚያው ቆሞ ይውላል፣ ነገም ኪኒን ይፈልጋል። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ለበለጠ ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ካፌይን ለተቀላቀለበት ገደቡ 10 ቀን ብቻ ነው።

የጉበት ጉዳይ ይብሳል። ከፓራሲታሞል ጥቂቱ ጉበት ውስጥ ወደ መርዝነት ይለወጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ጉበት መርዙን ማክሸፍ ያቅተዋል። ለጤነኛ አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም 8 ፍሬ ነው፤ መጠጥ ለሚያዘወትር ያንሳል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በበኩላቸው ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ማስታገሻ እየወሰዱ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። በስዊድን ሁስክቫርና ከተማ የፋብሪካ ሠራተኞች በ1918 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ (እኛ ዘንድ የኅዳር በሽታ የተባለው) ጊዜ የታዘዘላቸውን፣ ፌናሴቲን የተባለ ማስታገሻና ካፌይን ያለበትን ዱቄት ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ለብርታት እያሉ ለዓመታት ወሰዱት፤ ብዙዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ።

ስለዚህ መፍትሔው ኪኒን ሳይሆን ከትነቱ መጠበቅ ነው። የጨርቅ ማስክ የቲነር ትነትን አያግድም፤ የሚያግደው የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ነው፤ ማጣሪያውም በየጊዜው ይቀየራል።