ቢጫው ለምን ብርቱካን ሆነ?

የታንክስጊቪንግ ሳምንት ሲያልፍ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የመኖሪያ ሰፈሮች መሰላል ያልተደገፈበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። በጣሪያ ጠርዝ ላይ የሚዘረጋው የአምፖል ሰንሰለት ዛሬም አለ። የብዙ ቤቶችን መልክ የለወጠው ግን አበባ መደብ ውስጥ ተተክሎ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ በቀለም የሚሞላው ትንሹ ፓውዛ ነው። አብዛኛው 10 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ይሠራል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየቀላቀለ የታዘዘውን ቀለም ያወጣል።

በዚህ ወቅት በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር የአንድ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ስልክ አያርፍም። ደዋዮቹ በአብዛኛው የሚጠይቁት የትኛው ፓውዛ እንደሚሻል ነው። እሱ ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሌላ ነገር ማወቅ ይፈልጋል። ሶኬቱ የት ነው? መቆጣጠሪያው የት ይቀመጣል? ከዚያ እስከ መጨረሻው ፓውዛ ኬብሉ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?

ጥያቄው ለምን እንደሚበዛበት የአንዲት እናት ቤት ጥሩ ማስረጃ ነው። እኚህ እናት መብራታቸውን እንደ ጎረቤቶቻቸው በዲሴምበር መጨረሻ አያወርዱም፤ ጃንዋሪ 7 ገናን፣ ከዚያም ጥምቀትን አሳልፈው ነው የሚያነሡት። የቤታቸው ፊት በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ እንዲደምቅ ስለፈለጉ ዘመድ ገዝቶ ገጠመላቸው። ጋራዡ አጠገብ ያሉት ፓውዛዎች እንደታሰበው ሆኑ። በሌላኛው ጫፍ ያሉት አራቱ ግን ቢጫ ሲታዘዙ ብርቱካን እየሆኑ አስቸገሩ።

«ልጄ፣ እነዚህ አራቱ ሲመጡም የተበላሹ ናቸው፤ ልመልሳቸው?» አሉት።

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። መጀመሪያ ቦታቸውን እናቀያይር» አላቸው።

ከጫፉ አንዱን ነቅሎ ጋራዡ ጋ ካለው ጋር አለዋወጠ። ብርቱካን የነበረው ጋራዡ አጠገብ ሲሰካ ጥርት ያለ ቢጫ ሆነ፤ ደህና የነበረው ጫፉ ላይ ሲደርስ ብርቱካን ወጣው። ፓውዛዎቹ ጤነኞች ነበሩ። ያስቸገረው የኬብሉ መንገድ ነው።

አገር ቤት ከትራንስፎርመር ርቆ መጨረሻ ላይ ባለ ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ማታ ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ አምፖሉ ይደክማል። ሽቦ ረጅምና ቀጭን ከሆነ፣ የሚጎተትበት ከረንትም ከበዛ፣ ቮልቴጁ በመንገድ ላይ ይቀንሳል። እዚህም ምክንያቱ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው በቀለሙ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1882 የኤዲሰን ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን በኒውዮርክ ቤቱ የገና ዛፍ ላይ 80 ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የኤሌክትሪክ አምፖሎች አበራ። እንዲህ ባለው አምፖል ቀለሙ የሚገኘው ከመስታወቱ ስለሆነ ኃይል ሲያንሰው በዋናነት ይደበዝዛል እንጂ ቀለሙ ያን ያህል አይለወጥም። የዛሬው ፓውዛ ሦስት ቀለም ይቀላቅላል፤ ይህም የተቻለው ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራ በኋላ ነው። ሥራው ለሦስት ጃፓን ተወላጅ ሳይንቲስቶች የ2014ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ቅይጥ ቀለም ግን ሚዛን ይፈልጋል፤ ቢጫ የሚሆነው ቀይና አረንጓዴ ተመጣጥነው ሲበሩ ብቻ ነው።

ሚዛኑ እንዴት እንደሚዛባ ፓውዛውን ከፍቶ ማየት ያስረዳል። በብዙዎቹ ርካሽ ባለ 12 ቮልት ፓውዛዎች ውስጥ በየቀለሙ ሦስት ሦስት ኤልኢዲ በተርታ ተያይዘው ከአንድ ሬዚስተር ጋር ተገጥመዋል። አንድ ቀይ ኤልኢዲ ለመብራት 2.1 ቮልት ግድም ይበቃዋል፤ ሦስቱ 6.3 ቮልት ይወስዳሉ። አረንጓዴና ሰማያዊ ግን እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት ግድም ስለሚፈልጉ ሦስቱ 9.6 ቮልት ይበላሉ። ስለዚህ ከ12 ቮልት ውስጥ ለቀዩ 5.7 ቮልት ትርፍ ሲኖረው ለአረንጓዴው ያለው ትርፍ 2.4 ቮልት ብቻ ነው። የሚያልፈውን ከረንት የሚወስነው ይህ ትርፍ ነው።

ባለሙያው በቴስተር ሲለካ አራቱ ፓውዛዎች ጠፍተው ሳሉ ጫፉ ላይ ልክ 12 ቮልት አገኘ። ቢጫ ሲበሩ አረንጓዴው መስመር ከ11 ቮልት ትንሽ ዝቅ አለ። ከ12 ላይ 1 ቮልት ሲጎድል ያን ያህል አያስደነግጥም፤ ከ2.4 ላይ ሲጎድል ግን ግማሹ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። አረንጓዴው ከሚገባው ብርሃን 56 በመቶ ያህል ይዞ ሲቀር ቀዩ 79 በመቶውን ይዞ ነበር። ግድግዳው ላይ የታየው ብርቱካን ቀለም ይኸው ነው። መብራት ሳይበራ የተለካ ቮልቴጅ ሰው እንደሚያታልልም ከዚህ ይታያል።

ኬብሉ ራሱ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ውስጡ አራት ሽቦ ነው፤ አንደኛው 12 ቮልቱን ለሦስቱም ቀለም በጋራ ያደርሳል፤ የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው የየቀለማቸውን ከረንት ይመልሳሉ። ቀይ ብቻ ሲበራ የጋራው ሽቦ የሚሸከመው የአንድ ቀለም ጭነት ነው። ነጭ ሲታዘዝ ደግሞ የሦስቱን ይሸከማል። አንድ ባለ 10 ዋት ፓውዛ ነጭ ሲሆን 0.83 አምፔር ይጎትታል፤ በአንድ ኬብል ላይ የተደረደሩ አራት ፓውዛዎች ከ3 አምፔር ያልፋሉ። ስለዚህ ባለቤቱ ነጭ ባይወድም ዕቅድ የሚሠራው ሁሉም ነጭ ሆነው በሙሉ ኃይል እንደሚበሩ ታስቦ ነው።

የእኚህ እናት ቤት ከጋራዡ እስከ ሌላው ጫፍ በዓይን ሲገመት 14 ሜትር ነው። የገጠመላቸው ዘመድም ይህንኑ አስቦ ነበር። ኬብሉ ግን መቆጣጠሪያው ካለበት የጋራዡ መደርደሪያ ይወርዳል፤ የጋራዡን በር ይዞራል፤ ሰው እንዳያደናቅፍ ደረጃውን በኋላ በኩል ይሽከረከራል፤ ከቁጥቋጦው ሥር ይሄዳል። ሜትር ሲዘረጋ 24 ሜትር ሆነ። ባለሙያው የሚለካው በሲባጎ ነው፤ ኬብሉ ሊያልፍ በሚገባው መንገድ ሁሉ ሲባጎውን እያስተኛ ይሄድና ከዚያ ሲባጎውን ይለካል። የዝናብ ውሃ ወደ ማገናኛው እንዳይፈስ ኬብሉ ከመሰካቱ በፊት ታች ድረስ ረገብ ማለት አለበት፤ ለዚያም በየፓውዛው ትንሽ ይጨምራል።

የሽቦው ውፍረት ከኢትዮጵያ ለመጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የመጀመሪያ ወጥመድ ነው። አገር ቤት ሽቦ የሚጠራው በካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ 2.5 ከ1.5 ይወፍራል። አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል፤ 18 ቁጥር 0.82 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን 12 ቁጥር 3.3 ነው። የዋጋው ልዩነት ብዙ ሰውን ወደ 18 ቁጥር ይገፋል። የመዳብ 18 ቁጥር በ1000 ሜትር 21 ኦም ግድም ሲኖረው 12 ቁጥር 5.2 ብቻ አለው፤ ማለትም በ12 ቁጥር 24 ሜትር መሄድና በ18 ቁጥር 6 ሜትር መሄድ እኩል ናቸው። ታዲያ ሁሉንም በወፍራም ሽቦ መሥራት ነው? ባለ አራት ሽቦ 12 ቁጥር ኬብል ውድ ነው፤ በቀላሉ አይታጠፍም፤ ትንሹ ማገናኛ ውስጥም አይገባም።

ባለሙያው የሚመርጠው መፍትሔ 120 ቮልቱን ወደ 12 የሚቀይረውን የኃይል ሳጥን ወደ ፓውዛዎቹ ማስጠጋት ነው። 12 ቮልቱ አጭር መንገድ ይሂድ፤ ረጅሙን መንገድ 120 ቮልቱ ይሂድ። አራቱ ፓውዛዎች በ120 ቮልት በኩል የሚጎትቱት ከግማሽ አምፔር በታች ነው። ከጋራዡ ሶኬት በ16 ቁጥር የውጭ ኤክስቴንሽን 18 ሜትር ቢሄዱ የሚጠፋው 0.2 ቮልት ግድም ነው፤ ከ120 ላይ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ፓወር ሰፕላይ እዚያው አጠገባቸው 12 ቮልት ያወጣላቸዋል።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። የፓወር ሰፕላዩን ማስተካከያ አዙሮ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው፤ እሱ ግን አይወደውም፤ የሩቁን ሲያክም የቅርቡን ያለ አግባብ ያግለዋልና። ገና ያልገዛ ሰው ባለ 24 ቮልት ፓውዛ ቢመርጥ ይመክራል። ለተመሳሳይ ዋት ከረንቱ በግማሽ ስለሚቀንስ በዚያው ሽቦ ላይ የሚጠፋው ድርሻ አራት እጅ ያንሳል።

ሳጥኑ ሲሄድ ቀለም የሚያዘው ክፍልም አብሮ ስለሚሄድ ትእዛዙን የሚያደርሰው የመረጃ ሽቦ ይረዝማል። የመድረክ መብራት ሠራተኞች ከ1986 ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዲኤምኤክስ 512 የተባለው ሥርዓት እዚህ ይጠቅማል። ምልክቱ በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ተቃራኒ ሆኖ ስለሚጓዝ እስከ 300 ሜትር ያለ ችግር ይደርሳል፤ ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር መግጠም ግን መዘንጋት የለበትም፤ ካልተገጠመ ምልክቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ መብራቶቹን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። እያንዳንዱ አምፖል ለብቻው የሚታዘዝበት በአንድ የመረጃ ሽቦ የሚሠራው ዓይነት ግን ከመቆጣጠሪያው ጥቂት ሜትር ሲርቅ መንተባተብ ይጀምራል።

ፓውዛው ከግድግዳው የሚርቅበት ርቀትም የዚሁ ዕቅድ አካል ነው። 120 ዲግሪ የሚበትን ፓውዛ ከግድግዳው 1 ሜትር ሲርቅ 3.5 ሜትር ስፋት ይሸፍናል፤ 60 ዲግሪ የሚበትነው 1.15 ሜትር ብቻ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሦስት ቀለም ሳይቀላቀል ጎን ለጎን እንዲቆም ለሚፈልግ ቤት ጠበብ ያለው ይሻላል፤ ጠበብ ሲል የፓውዛዎቹ ቁጥር ይበዛል፤ ሲበዛ ከረንቱ ይጨምራል፤ ሁሉም ተመልሶ ኬብሉ ላይ ያርፋል።

በደኅንነት ላይ ባለሙያው ለማንም አይለሳለስም። አሜሪካ ውስጥ የመኖሪያ ቤት የውጭ ሶኬት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከረንት ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ እንዲኖረው ደንቡ ያዛል። አሮጌ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጫነው የዚያን መከላከያ መሞከሪያ ቁልፍ ነው። ኤክስቴንሽኑ ለውጭ የተሠራ መሆን አለበት። ሳጥኑም ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ኬብሎቹ ከታች በኩል ገብተውበት፣ በረዶ ከማይከመርበት ጎን ይሰቀላል። በእናትየው ቤት 120 ቮልቱ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ሲወስን ይህን ሁሉ አሟልቶ ነው።

ሳጥኑ የተሰቀለው አራቱ ፓውዛዎች አጠገብ ነው። ለእያንዳንዱ የራሱ 18 ቁጥር ኬብል ተዘረጋለት፤ ረጅሙ 9 ሜትር ነው። ቢጫ ሲታዘዝ ጫፉ ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር 11.8 ቮልት አሳየ፤ ብርሃኑም ከ90 በመቶ በላይ ሆነ። እናትየው ሊመልሷቸው የነበሩት እነዚያው ፓውዛዎች ናቸው።

በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ባለሙያው ወረቀት ለጠፈ። የየኬብሉ ርዝመት፣ የሽቦው ቁጥር፣ የፓውዛው ዋትና ሁሉም ነጭ ሆነው ሲበሩ የተለካው ቮልቴጅ ተጽፎበታል። እናትየው ለጥምቀት መንገድ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ሁለት ፓውዛ መጨመር ያምራቸዋል። ሲባጎው ከሳጥኑ እስከዚያ 11 ሜትር ብሏል። ሁለቱ በአንድ 16 ቁጥር ኬብል ቢሄዱ ቢጫ ሲታዘዝ አረንጓዴው 91 በመቶ ይዞ ይደርሳል፤ ፓወር ሰፕላዩም 20 ዋት የሚጨምር አቅም እንዳለው ታይቷል። ኬብሉ ታዟል፤ ፓውዛዎቹ የሚገዙት ከዚያ በኋላ ነው።